የዋሌት ኤክስቴንሽን ልጭን ነው፦ ፓስወርዱና 12ቱ ቃላት ምን ይለያቸዋል? «ሳይን» ሲለኝስ ምን ላይ ነው የምፈርመው?

ፀደይ21

ሰላም ለዚህ ቤት። ሜታማስክ የተባለውን የክሪፕቶ ዋሌት ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ኮምፒውተሬ ክሮም ላይ ልጭን ነው። አሁን ኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት) ላይ ያለኝን የተወሰነ ኢቴር (የኢቴሪየም ኔትወርክ ገንዘብ) እና ዩኤስዲሲ (በዶላር የተመነ ክሪፕቶ) ወደ ራሴ ዋሌት ማውጣት እፈልጋለሁ። ከመጀመሬ በፊት አራት ነገር ግልጽ ይሁንልኝ።

አንደኛ፣ ስፈልገው ተመሳሳይ ስምና ምልክት ያላቸው ብዙ ይመጣሉ፤ ትክክለኛውን በምን ልለየው? ሁለተኛ፣ ፓስወርዱና ዋሌቱ ሲፈጠር የሚሰጡኝ 12 ቃላት ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል? ሦስተኛ፣ ቃላቱን ፎቶ አንስቶ ጉግል ድራይቭ ላይ ማስቀመጥ ምን ችግር አለው? አራተኛ፣ ድረ ገጾች «ኮኔክት»፣ «ሳይን»፣ «አፕሩቭ» ሲሉ ገንዘብ የሚያስወጣው የትኛው ነው?

እባካችሁ «ተጠንቀቂ» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ፤ ከምን እንደምጠነቀቅ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ቁልፍ_ያዥ

ፀደይ፣ ገንዘቡ ገና ሳይወጣ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ከወጣ በኋላ ሊስተካከል የሚችለው ጥቂት ነው። አራተኛውን ለሌሎች ልተወውና ስለ ሦስቱ ልጻፍልሽ።

ጉግል ላይ ፈልገሽ አትግቢ። ከውጤቶቹ በላይ የሚመጡት ማስታወቂያዎች ናቸው፤ አጭበርባሪዎች ከፍለው እዚያ ይቀመጣሉ፣ ገጻቸውም ከዋናው በመልክ አይለይም። አድራሻውን፣ ማለትም ሜታማስክ ነጥብ አይኦ፣ ራስሽ ጻፊው፤ እዚያ ያለው የማውረጃ ቁልፍ ወደ ክሮም ዌብ ስቶር ይወስድሻል። ስቶሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው ብለሽ ግን አትመኚ። በ2020 እ.ኤ.አ. ጉግል 49 የሐሰት የዋሌት ኤክስቴንሽኖችን ከስቶሩ አንስቷል፤ የሁሉም ሥራ ተጠቃሚው ቃላቱን እንዲያስገባ ማድረግና ለሌባው መላክ ነበር። ስለዚህ ከመጫንሽ በፊት የተጠቃሚውን ቁጥር እዪ። የሜታማስክ ተጠቃሚ በሚሊዮኖች ነው የሚቆጠረው፤ ጥቂት ሺህ ብቻ ካየሽ ያ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ በፊት ግን ክሮም ላይ ለዋሌቱ ብቻ የሚሆን አዲስ ፕሮፋይል ክፈቺ፤ ሌላ ምንም ኤክስቴንሽን አይግባበት። ብዙ ኤክስቴንሽኖች ሲጫኑ «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ይወስዳሉ። ይህ ፈቃድ ያለው የቪዲዮ ማውረጃ ወይም ቅናሽ ፈላጊ ኤክስቴንሽን፣ ኤክስቼንጁ ገጽ ላይ የተጻፈውን የመቀበያ አድራሻ በሌላ ሊተካብሽ ይችላል። ዛሬ ደህና የሆነው ነገ ለሌላ ባለቤት ተሽጦ፣ አንቺ ሳታውቂ በራሱ አፕዴት ሊሆን ይችላል። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው «ለጥንቃቄ ያህል» ብሎ ይዘለዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከጠቅላላው አጫጫን ዋናው እሱ ነው።

ሲከፈት «አዲስ ዋሌት ፍጠር» የሚለውን ምረጪ። በጉግል ወይም በአፕል አካውንት መክፈት የሚል አማራጭም ያመጣልሻል። በዚያ መንገድ ከሄድሽ ዋሌቱን ለመመለስ ያ አካውንትና ፓስወርዱ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ፓስወርዱን ብትረሺው ድርጅቱ ሊመልስልሽ አይችልም። እኔ የምመክርሽ በቃላቱ የሚሠራውን ነው፤ በማንም አካውንት ላይ አትንጠለጠዪም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ገንዘቡ ኤክስቴንሽኑ ውስጥ የለም፤ ብሎክቼይኑ (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት መዝገብ) ላይ ነው ያለው። ዋሌቱ የሚይዘው ገንዘቡን ለማንቀሳቀስ የሚፈርመውን ቁልፍ ነው። 12ቱ ቃላት ያ ቁልፍ የሚወለድባቸው ዘር ናቸው። ቃላቱን የያዘ ሰው፣ የትም አገር፣ በየትኛውም ኮምፒውተር፣ ያንቺን ፓስወርድ ሳያውቅ ዋሌቱን ይከፍተዋል። ፓስወርዱ የሚሠራው ያንቺ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ የተቀመጠውን የቁልፍ ፋይል ይቆልፋል እንጂ ብሎክቼይኑ አያውቀውም።

ስለዚህ ፓስወርዱ ቢጠፋ በቃላቱ እንደገና ትከፍቻለሽ፣ አዲስ ፓስወርድም ታወጪለታለሽ። ቃላቱ ቢጠፉና ዋሌቱ ኮምፒውተርሽ ላይ ክፍት ሆኖ ካለ፣ በፓስወርዱ ገብተሽ ከሴቲንግ ውስጥ ቃላቱን እንደገና ማየት ትችያለሽ። ቃላቱም ጠፍተው ኤክስቴንሽኑም ከተነቀለ ወይም የብራውዘሩ ፕሮፋይል ከተሰረዘ ግን የሚመልሰው የለም። ክሮም ሲንክ ኤክስቴንሽኑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊጭንልሽ ይችላል፤ የቁልፍ ፋይሉን ግን ይዞ አይሄድም። ቃላቱ በሌባ እጅ ከገቡ ደግሞ ፓስወርድ መቀየር ምንም አይፈይድም።

ይህ ማለት ፓስወርዱ ደካማ ይሁን ማለት አይደለም። ሜታማስክ ቢያንስ 8 ፊደል ይጠይቃል፤ 8 ግን አይበቃም። ክራክ ከተደረገ (ያለ ክፍያ ከሚሰራጭ) ሶፍትዌር ጋር የሚመጡ መረጃ ሰራቂ ቫይረሶች መጀመሪያ ከሚወስዷቸው አንዱ ይኸው የቁልፍ ፋይል ነው። ከወሰዱት በኋላ በራሳቸው ማሽን ያለ ገደብ ፓስወርድ ይሞክሩበታል፤ «ሦስት ጊዜ ተሳስተሃል» ብሎ የሚያስቆማቸው የለም። ሌላ ቦታ ያልተጠቀምሽበት፣ ከ16 ፊደል ያላነሰ ይሁን።

ቃላቱ ሲወጡ በወረቀት ጻፊያቸው፣ እያንዳንዱን ከነቁጥሩ። ቃላቱ የሚመረጡት ቢፕ 39 ከተባለው የ2048 ቃላት ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ የተሠራው የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ብቻ አንዱን ቃል ከሌላው እንዲለዩ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ጽፈሽ ስትጨርሺ የየቃሉን መጀመሪያ አራት ፊደል አንድ በአንድ አመሳክሪ፤ የእጅ ጽሑፍ የሚያሳስተው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ቅጂ፣ ሁለት የተለያየ ቦታ። ስድስቱን እዚህ፣ ስድስቱን እዚያ ማድረግ ብልሃት ይመስላል፤ አይደለም። አንዱ ወረቀት ከጠፋ ሁሉም ጠፋ፤ ግማሹን ያገኘ ሌባ ደግሞ የቀረውን ለመገመት የሚያስፈልገው ሥራ ከቢሊዮን ቢሊዮን እጥፍ በላይ ይቀንስለታል።

ስለ ፎቶው፦ ስልኩ ብዙ ጊዜ ፎቶውን ሳትጠይቂው ወደ ክላውድ ይልከዋል። ከዚያ በኋላ የዋሌትሽ ደህንነት የኢሜይልሽ ፓስወርድ ያህል ብቻ ነው። ሌላም አለ፦ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሳይበር ደህንነት ድርጅቱ ካስፐርስኪ «ስፓርክካት» ብሎ የሰየመውን ተንኮለኛ ኮድ አጋልጧል። ይህ ኮድ በጉግል ፕሌይና በአፕል አፕ ስቶር ውስጥ ባሉ አፖች ውስጥ ተደብቆ፣ የስልኩን ፎቶዎች እያነበበ የዋሌት ቃላት የተጻፈባቸውን እየመረጠ ይልክ ነበር። ስክሪንሾት፣ ለራስ የተላከ የቴሌግራም መልእክት፣ የኢሜይል ድራፍት፣ ሁሉም ያው ነው።

የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የማያደርገው፦ ገንዘብ ሳታስገቢ ፈትኚው። የዋሌቱን አድራሻ ሌላ ቦታ ጻፊ፣ ኤክስቴንሽኑን ንቀዪ፣ እንደገና ጭነሽ ከወረቀቱ ላይ ቃላቱን አስገቢ። የመጣው አድራሻ ያው ከሆነ ወረቀትሽ ትክክል ነው። ዋሌቱ ተከፍቶ አድራሻው ከተለየ ቅደም ተከተሉን ተመልከቺ። በ12 ቃላት ውስጥ ያለው ማረጋገጫ 4 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ የተዘበራረቀ ቅደም ተከተል ከ16 አንዱ ያህል ሳይያዝ ያልፍና ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፍታል።

ሰንሰለት

አራተኛውን እኔ ልውሰደው። ሦስቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው ሰውን የሚያስዘርፈው።

ኮኔክት ለድረ ገጹ አድራሻሽን ያሳየዋል። አድራሻው የሚያሳየውን ሒሳብና የቀድሞ እንቅስቃሴ ማየት ይችላል፣ ጥያቄም ሊያቀርብልሽ ይችላል። ገንዘብ መውሰድ አይችልም። ችግሩ ኮኔክት ራሱ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣው መስኮት ነው።

አፕሩቭ ብሎክቼይኑ ላይ የሚጻፍ ፈቃድ ነው፣ ጋዝም (የኔትወርኩ የአገልግሎት ክፍያ) ይከፈልበታል። «ይህ ስማርት ኮንትራክት (ብሎክቼይኑ ላይ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ከዩኤስዲሲዬ ይህን ያህል መውሰድ ይችላል» ማለትሽ ነው። አንቺ እንቅልፍ ላይ ሆነሽ፣ ዋሌቱ ተቆልፎ፣ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ሳለ ፈቃዱ ይሠራል። ብዙ ድረ ገጾች ደጋግመው ላለመጠየቅ ገደብ የሌለው ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ይህ ባዶ ቼክ ላይ እንደመፈረም ነው። ሜታማስክ መስኮቱ ላይ «ስፔንዲንግ ካፕ» የሚል ቦታ አለ፤ አጠገቡ ያለውን የእርሳስ ምልክት ነክተሽ የምትፈልጊውን መጠን ብቻ ጻፊ። 200 ዩኤስዲሲ ልትቀይሪ ከሆነ 200 ብለሽ ጻፊ። የኤንኤፍቲ (አንድ ብቻ የሆነ ዲጂታል ንብረት) ከሆነ ደግሞ ጥያቄው «ሴት አፕሩቫል ፎር ኦል» ይባላል፤ የዚያን ስብስብ ሙሉ በሙሉ ነው የሚያስረክበው። ኤንኤፍቲ እየሸጥሽ ካልሆነ በቀር ይህን የምታጸድቂበት ምክንያት የለም።

ሳይን ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፤ ምክንያቱም ጋዝ አይከፈልበትም፣ «ነጻ ስለሆነ አይጎዳም» ይባላል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተራ የመግቢያ ፊርማ ነው፦ የድረ ገጹ ስም፣ ቀኑና አንድ የዘፈቀደ ቁጥር በሚነበብ ጽሑፍ ይመጣል፤ ጽሑፉ ላይ ያለው የድረ ገጽ ስም ካለሽበት ጋር አንድ ከሆነ ችግር የለውም። ሌላው «ፐርሚት» የሚባለው ነው። ይህ የአፕሩቭን ሥራ ያለ ጋዝ የሚሠራ ፊርማ ነው፤ ፊርማሽን የወሰደው ሰው ራሱ ጋዙን ከፍሎ ብሎክቼይኑ ላይ ያስገባዋል። አንቺ ዋሌት ላይ «ትራንዛክሽን» ሆኖ አይታይም፤ የምታዪው ቶክኑ (እንደ ዩኤስዲሲ ያለው ሳንቲም) ሲሄድ ነው።

መስኮቱ ውስጥ «ስፔንደር»፣ «ቫልዩ»፣ «ዴድላይን» የሚሉ ቃላት ካየሽ ፐርሚት ነው ብለሽ ቁሚ። ስፔንደር ገንዘቡን እንዲወስድ የሚፈቀድለት አድራሻ ነው። ቫልዩ መጠኑ ነው፤ 115792 ብሎ የሚጀምር 78 አሃዝ ያለው ቁጥር ካየሽ ትርጉሙ «ያለኝን ሁሉ፣ ወደፊት የሚመጣውንም» ነው፤ ስማርት ኮንትራክት ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው። ፐርሚት 2 በሚባለው ደግሞ 14615 ብሎ የሚጀምር 49 አሃዝ ያለው ይመጣል፤ ትርጉሙ ያው ነው። ዴድላይኑ ረጅም የሰከንድ ቁጥር ነው፤ ፊርማው እስከዚያ ሰዓት ድረስ ይሠራል፣ ሌባ ብዙ ጊዜ ዓመታት ያስረዝመዋል። ኤርድሮፕ (በነጻ የሚታደል ቶክን) ለመቀበል ወይም «ዋሌት ለማረጋገጥ» እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመሽ «ሪጀክት» ብለሽ ዝጊው።

የሚነበብ ነገር የሌለው፣ ዜሮ ኤክስ ብሎ የሚጀምር ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ብቻ የሚያሳይ የፊርማ ጥያቄም አለ። ያንን ገንዘብ ባለበት አካውንት በጭራሽ አትፈርሚ።

የሰጠሻቸውን ፈቃዶች ለማየት ኢተርስካን (የኢቴሪየምን መዝገብ የሚያሳይ ድረ ገጽ) ላይ «ቶክን አፕሩቫል ቼከር» የሚል ገጽ አለ፤ ሪቮክ ነጥብ ካሽም ያንኑ ይሠራል፣ በብዙ ኔትወርኮች ላይ። ፈቃድ መሻር ራሱ ትራንዛክሽን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ጋዝ በታች ይፈጃል። ስለ ዩኤስዲቲ (ሌላው በዶላር የተመነ ቶክን) አንድ ነገር፦ በኢቴሪየም ኔትወርክ ላይ ቀደም ሲል የሰጠሽውን ፈቃድ በቀጥታ ከ200 ወደ 500 መቀየር አይቻልም፣ ትራንዛክሽኑ ይከሽፋል። መጀመሪያ ወደ 0 አውርጂው፣ ከዚያ 500 ስጪ።

ማለዳ

ሰንሰለት ያለው ላይ ልጨምር። ሜታማስክ ውስጥ «ዲስኮኔክት» ማድረግ ፈቃድ መሻር አይደለም። ዲስኮኔክት ገጹ አድራሻሽን እንዳያይ ያደርጋል፤ የሰጠሽው አፕሩቭ ብሎክቼይኑ ላይ እንዳለ ይቆያል። ብዙዎች ዲስኮኔክት አድርገው ተኝተዋል።

ሌላ፦ አንዳንድ የሐሰት ገጾች የሜታማስክን መስኮት በራሳቸው ገጽ ውስጥ ይሥሉታል፤ የሜታማስክ ምልክት የሆነው ቀበሮ፣ ቀለሙ፣ ሁሉም እንዳለ። «ዋሌትዎ ተቆልፏል፣ ቃላቱን ያስገቡ» ይላል። ለብቻው ሲከፈት ትክክለኛው መስኮት በመዳፊት ተይዞ ከብራውዘሩ ክልል ውጭ ይጎተታል፤ የተሣለው ከገጹ አይወጣም። ቃላቱ የሚጠየቁት ዋሌቱን አዲስ ስትከፍቺ ወይም ፓስወርድ ረስተሽ ስትመልሺ ብቻ ነው፤ ያኔም የሚጠይቀው ኤክስቴንሽኑ ራሱ ነው፣ አድራሻ ማስገቢያው ላይም ድረ ገጽ ሳይሆን «ክሮም ኤክስቴንሽን» የሚል ነው የሚታየው። በዲስኮርድና በቴሌግራም «የሜታማስክ ሰፖርት ነኝ» ብሎ በውስጥ መስመር የሚመጣ ሁሉ ሌባ ነው፤ ልዩ ሁኔታ የለውም።

ፀደይ21

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የፐርሚቱን ነገር ማንም እንዲህ ዘርዝሮ አላስረዳኝም ነበር። ሦስት ነገር ቀረኝ። ከኤክስቼንጁ ሳወጣ «ኔትወርክ ምረጥ» ብሎ ብዙ ይዘረዝራል፤ የትኛውን? ለጋዝ ምን ያህል ኢቴር ልተው? ደግሞ እዚያው ሜታማስክ ውስጥ «አካውንት 2» ከፍቼ አንዱን ለማስቀመጫ፣ ሌላውን ለመጠቀሚያ ባደርግ ዋጋ አለው?

ሳንቲም_ቆጣሪ

ኔትወርኩና ጋዙ ይህን ይመስላል።

የሜታማስክ አድራሻሽ ዜሮ ኤክስ ብሎ ይጀምርና 40 ቁምፊዎች ይከተሉታል፤ በጠቅላላው 42። ይህ አንድ አድራሻ በኢቴሪየም፣ በአርቢትረም፣ በቤዝ፣ በኦፕቲሚዝም፣ በፖሊጎን፣ በቢኤንቢ ቼይን ሁሉ ያንቺ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ በአንዱ ወደ ራስሽ ብትልኪና ባታዪው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ዋሌቱ ያንን ኔትወርክ እያሳየሽ ስላልሆነ ነው። ኔትወርኩን ስትጨምሪ ይታያል። የቼይን አይዲ (የኔትወርኩን መለያ) ቁጥሩን አመሳክሪ፦ ኢቴሪየም 1፣ ኦፕቲሚዝም 10፣ ቢኤንቢ 56፣ ፖሊጎን 137፣ ቤዝ 8453፣ አርቢትረም ዋን 42161። አደጋው ያለው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ወደ ኤክስቼንጅ ስትመልሺ ኤክስቼንጁ በማይቀበለው ኔትወርክ ከላክሽ፣ ቁልፉ በእነሱ እጅ ስለሆነ መልሰው ሊሰጡሽም ላይሰጡሽም ይችላሉ። ስትልኪም ስትቀበዪም ሁለቱም ወገን ላይ የኔትወርኩ ስም አንድ መሆኑን አረጋግጪ። የቢትኮይንና የትሮን አድራሻ ደግሞ መልኩ ጭራሽ የተለየ ነው፤ ለዚህኛው አይላክም።

መጠኑ ትንሽ ከሆነ አርቢትረምን ወይም ቤዝን እመርጥልሻለሁ፤ ጋዛቸው ከኢቴሪየም ዋናው ኔትወርክ በብዙ ይረክሳል፣ የሚከፈለውም በዚያው በኢቴር ነው። ፖሊጎን ላይ ግን ጋዙ በፖል፣ ቢኤንቢ ቼይን ላይ በቢኤንቢ ነው የሚከፈለው። ዩኤስዲሲ ብቻ አውጥተሽ የኔትወርኩ የራሱ ኮይን ከሌለሽ ገንዘቡን እያየሽው ማንቀሳቀስ አትችዪም። ጀማሪ በብዛት የሚጣበቀው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኢቴሩን፣ ቀጥሎ ዩኤስዲሲውን አውጪ። አርቢትረም ላይ ሁለት ዓይነት ዩኤስዲሲ አለ፤ ዋናውና «ዩኤስዲሲ ነጥብ ኢ» የሚባለው በድልድይ (ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ በሚያሻግር አገልግሎት) የተሻገረው። ኤክስቼንጅ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ላይቀበል ይችላል።

የጋዝ ሒሳቡ ማባዛት ብቻ ነው፦ የጋዝ መጠን ሲባዛ በዋጋው። 1 ኢቴር 1,000,000,000 ግዌይ ነው። ተራ ኢቴር መላክ 21,000 ጋዝ ይፈጃል። ዋጋው 20 ግዌይ ቢሆን 420,000 ግዌይ፣ ማለትም 0.00042 ኢቴር ነው። ዩኤስዲሲ መላክ እስከ 65,000 ጋዝ ገደማ ስለሚሄድ በዚያው ዋጋ 0.0013 ኢቴር ይሆናል። ቶክን መቀየር ደግሞ 150,000 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ዋጋው በሰዓቱ መጨናነቅ ይወሰናል፤ ስለዚህ ያለሽን ኢቴር አሟጠሽ አትላኪ፣ ቢያንስ ለሦስት አራት ትራንዛክሽን የሚበቃ አስቀሪ። የከሸፈ ትራንዛክሽንም ጋዝ ይበላል፤ ኔትወርኩ ሥራውን ሠርቶ ነው ያልተሳካው።

ጋዙን ዝቅ አድርገሽ ልከሽ «ፔንዲንግ» ብሎ ከቆመ፣ ቀጥሎ የምትልኪው ሁሉ ከኋላው ይሰለፋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ትራንዛክሽን ተራ ቁጥር አለው፣ ተራው ያልደረሰ አይገባም። «ስፒድ አፕ» ያንኑ ተራ ቁጥር ይዞ በከፍተኛ ዋጋ ይልከዋል፤ ጭማሪው ቢያንስ 10 በመቶ መሆን አለበት፣ አለዚያ ኔትወርኩ አይቀበለውም። «ካንስል» በተመሳሳይ ተራ ቁጥር 0 ኢቴር ለራስሽ ይልካል፤ እሱም ጋዝ ይከፈልበታል። ኢተርስካን ላይ ምንም የሌለ ሆኖ ዋሌቱ ላይ ብቻ ፔንዲንግ የሚል ከሆነ፣ በሴቲንግ ውስጥ የእንቅስቃሴ ታሪኩን ማጽዳት ይበቃል፤ ገንዘብ አይነካም።

የመጨረሻው ስለ አድራሻ ነው። ከታሪክሽ ላይ ኮፒ አታድርጊ። ሌቦች የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላቱ አንቺ ከምትልኪለት ጋር የሚመሳሰል አድራሻ ፈጥረው 0 መጠን ያለው ትራንዛክሽን ታሪክሽ ውስጥ ያስገባሉ፤ ዋሌቱ መካከሉን በነጥብ ስለሚያሳጥረው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። የምትጠቀሚባቸውን አድራሻዎች «ኮንታክትስ» ውስጥ መዝግቢ፣ ስትልኪም የመካከሉን ስድስት ሰባት ቁምፊ ጭምር አመሳክሪ። ትልቅ መጠን ከመላክ በፊት ትንሽ ልከሽ መድረሱን አረጋግጪ።

ቁልፍ_ያዥ

አካውንት 2ን በተመለከተ፦ ግማሽ ዋጋ አለው። አፕሩቭና ፐርሚት በአድራሻ የሚሰጡ ስለሆኑ አካውንት 1 ላይ የተሳሳተ ነገር ብትፈርሚ አካውንት 2 ያለው አይነካም። ነገር ግን ሁለቱም ከነዚያው 12 ቃላት ነው የሚወለዱት፤ ቃላቱ ከወጡ ሁለቱም ይሄዳሉ። ከሌላ ቦታ ፕራይቬት ኪ (የአንድ አካውንት ምስጢራዊ ቁልፍ) አምጥተሽ የምታስገቢው «ኢምፖርትድ» አካውንት ደግሞ በተቃራኒው በቃላቱ ስለማይመለስ፣ ኪውን ለብቻው መያዝ አለብሽ።

ቢጠፋ የሚያሳምምሽ መጠን ከሆነ ሌጀር ወይም ትሬዞር ዓይነት ሃርድዌር ዋሌት ያስፈልጋል። ሜታማስክ ጋር ይገናኛል፤ ኤክስቴንሽኑ መስኮት ብቻ ይሆናል፣ ቁልፉ ከመሣሪያው አይወጣም። ኤክስቴንሽን ሁልጊዜ በሠሪው ላይ የመታመን ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 2022 እ.ኤ.አ. የትረስት ዋሌት ኤክስቴንሽን ለተወሰኑ ቀናት የፈጠራቸው ቃላት የዘፈቀደ ጥራታቸው 32 ቢት ብቻ ስለነበር በኮምፒውተር ሊገመቱ ችለዋል። በዲሴምበር 2025 ደግሞ የዚያው ኤክስቴንሽን 2.68 እትም ውስጥ ተንኮለኛ ኮድ ገብቶ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተወስዷል። በሁለቱም ጊዜ የተጠቃሚው ጥፋት አልነበረም፤ ከትክክለኛው ቦታ የወረደ ትክክለኛ ኤክስቴንሽን ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የሃርድዌሩን ቃላት ሜታማስክ ውስጥ አታስገቢ፤ ካስገባሽው በኋላ ሃርድዌር መሆኑ ቀርቷል። ሃርድዌሩም ከመጥፎ ፊርማ አያድንም፤ የምትፈርሚውን የመሣሪያው ስክሪን ላይ አንብቢ፣ ኮምፒውተሩ የሚያሳይሽን አይደለም።

ሰንሰለት

ፀደይ ጨርሳለች፤ ይህን ክር ገንዘብ ሄዶባቸው የሚያነቡት ስለሚኖሩ ለእነሱ ደግሞ ይህን ልተው። ከሁሉ በፊት ቃላቱ ናቸው የወጡት ወይስ ፈቃድ ነው የተሰጠው የሚለውን ለዩ፤ መፍትሔው የተለያየ ነው።

ኢተርስካን ላይ አድራሻችሁን ክፈቱ። ቶክኑን ያወጣውን ትራንዛክሽን ነክታችሁ «ፍሮም» የሚለውን ተመልከቱ። እዚያ ያለው የሌላ ሰው አድራሻ ሆኖ ተግባሩ «ትራንስፈር ፍሮም» የሚል ከሆነ፣ ቀድሞ በተሰጠ አፕሩቭ ወይም ፐርሚት ነው የተወሰደው። ወዲያው ያንን ፈቃድ ሻሩ፣ የቀረውን ቶክን ወደ ሌላ አካውንት አሻግሩ፤ ቃላቱ አልተነኩም። «ፍሮም» ላይ ያለው የራሳችሁ አድራሻ ሆኖ ያንን ትራንዛክሽን እናንተ ካላጸደቃችሁት፣ በተለይ ኢቴሩ ራሱ ከሄደ፣ ቁልፉ ወጥቷል ማለት ነው።

ቁልፉ ከወጣ ፈቃድ መሻርም ፓስወርድ መቀየርም ጊዜ ማባከን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቫይረስ ሊኖር ስለሚችል በሌላ ንጹሕ መሣሪያ አዲስ ቃላት ፍጠሩ፣ የቀረውን ከከባዱ ጀምራችሁ ወደ አዲሱ አድራሻ አውጡ። አዲስ አካውንት ከአሮጌው ቃላት ሥር መክፈት አይቆጠርም። የኢቴር ሒሳቡ 0 ሆኖ ቶክን ብቻ ከቀረ፣ ለጋዝ ብላችሁ ኢቴር አትላኩበት። ሌባው ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) አሰማርቶ ይጠብቃል፤ የላካችሁት በሰከንዶች ውስጥ ይጠረጋል። ያንን ማለፍ የሚቻለው የጋዙን መላክና የቶክኑን ማውጣት አንድ ብሎክ (አብሮ የሚመዘገብ የትራንዛክሽኖች ጥቅል) ውስጥ ጠቅልሎ በማስገባት ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ እሱም ቢሆን ቃላታችሁን እንድትልኩለት በውስጥ መስመር የሚጽፍላችሁ ሰው አይደለም። «የጠፋ ክሪፕቶ እናስመልሳለን» ብለው በአስተያየት መስጫ ሥር የሚለጥፉት ሁሉ ሁለተኛ ሊዘርፏችሁ የመጡ ናቸው።

ፀደይ21

ገባኝ። አዲሱን ፕሮፋይል ከፍቼ፣ ቃላቱን በሁለት ወረቀት ጽፌ፣ ነቅዬ በመመለስ እፈትነዋለሁ፤ ከዚያ በአርቢትረም መጀመሪያ ትንሽ ኢቴር አወጣለሁ። ዋሌቱ ራሱ የሚቆለፍበትን ደቂቃስ ስንት ላድርገው?

ማለዳ

5 ደቂቃ ይበቃል፤ ሴቲንግ ውስጥ «ኦቶ ሎክ» የሚለው ነው። ከኮምፒውተሩ ስትነሺ ግን እሱን አትጠብቂ፣ ራስሽ ቆልፊው።